ያስመዘገበ ይመላለሳል፣ የደበቀ ይተኛል

በጅማ ዙሪያ ገጠር ኤስ ኬ ኤስ የሚባለውን ጠመንጃ የማያውቅ ገበሬ ማግኘት ይከብዳል። ሲሞኖቭ የተባለ የሶቭየት መሐንዲስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የነደፈው፣ የእንጨት ሰደፍ ያለው፣ አሥር ጥይት የሚጎርስና ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተፋ መሣሪያ ነው። ጥይቱ የክላሽንኮቭ ጥይት ነው፤ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር። ይኸው ጠመንጃ በካናዳ ጫካዎችም አለ። እዚያ ከሶቭየትና ከቻይና የጦር መጋዘን የተራገፈ ርካሽ ትርፍ ሆኖ ገብቶ የአዳኞች፣ በተለይም የነባር ሕዝቦች አዳኞች፣ መሣሪያ ሆኗል።

ኢትዮጵያና ካናዳ በጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመሳሰሉበት ብዙ ነገር የላቸውም። ስለ ኤስ ኬ ኤስ ግን ሁለቱም ያልመለሱት አንድ ጥያቄ አለባቸው፤ ይህ ጠመንጃ በሲቪል ሰው እጅ ሊቆይ የሚችል ነው ወይስ አይደለም? ካናዳ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በፓርላማ ሲታይ በነበረ ረቂቅ ሕግ ውስጥ ኤስ ኬ ኤስን ከሚከለከሉት ጋር የሚጨምር ማሻሻያ አቀረበች፤ አዳኞች ሲጮኹ በፌብሩዋሪ 2023 ማሻሻያውን አነሣችው። በዲሴምበር 2024 ሌሎች 324 ሞዴሎችን ስታግድም ኤስ ኬ ኤስን ዘለለችው፤ ባለሙያዎች ይዩት ተባለ። በእኛ በኩል፣ ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የአካባቢው ሀገሮች በትናንሽ የጦር መሣሪያዎች ቁጥጥር ላይ ያደረጉት ስምምነት፣ አውቶማቲክና ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃዎች በሲቪል ሰው እጅ እንዳይገኙ አባል ሀገሮች ሙሉ በሙሉ እንዲከለክሉ ይጠይቃል። ኤስ ኬ ኤስ ግማሽ አውቶማቲክ ነው። በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በገጠሩ ግን ጠመንጃው ከቤቱ ምሰሶ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ቀበሌው ያውቃል፣ ሚሊሻው ያውቃል፣ ባለቤቱም እነሱ እንደሚያውቁ ያውቃል።

መሣሪያ ይብዛ ወይስ ይነስ የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። አቋሜን ልናገር ከተባለ ይነስ ከሚሉት ወገን ነኝ። ነገር ግን ይነስ የሚል ሰው ሁሉ ሊያስጨንቀው የሚገባ ነገር አለ። መንግሥት ‹‹አምጡና አስመዝግቡ›› ካለ በኋላ መልስ ለመስጠት ሲዘገይ፣ መዘግየቱ የሚጎዳው ያመጣውን ሰው ብቻ ነው። ያላመጣው ወረፋ አይጠብቅም፣ ደብዳቤ አያጽፍም፣ ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት አይመላለስም። የዘገየ ምደባ፣ ማለትም መሣሪያው ከሚፈቀዱት ነው ወይስ ከሚከለከሉት የሚለው ውሳኔ መዘግየት፣ ሕግ አክባሪውን እየለየ የሚቀጣ ቅጣት ይሆናል።

የካናዳው ሰንጠረዥ

ካናዳን ያስቀደምኩት የእነሱ ችግር በወረቀት ላይ ስለሚታይ ነው። የእኛ ችግር በአብዛኛው በቃል ነው የሚኖረው፤ ‹‹ነገ ይመለሱ›› የሚል ቃል ደግሞ መዝገብ አይገባም።

የካናዳ የወንጀል ሕግ የጦር መሣሪያን በሦስት መደብ ያያል፤ የተከለከለ፣ የተገደበ፣ ከሁለቱም ውጭ የሆነ። ፈቃዱም፣ አቀማመጡም፣ ማጓጓዙም፣ ለልጅ ማውረሱም ሳይቀር በመደቡ ላይ ይወሰናል። አንድ ጠመንጃ ከየትኛው መደብ እንደሚገባ የሚመረምረው የፌዴራሉ ፖሊስ ሲሆን፣ ውጤቱን የጦር መሣሪያ ማጣቀሻ ሰንጠረዥ በሚባል ትልቅ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ባለሙያው በርሜሉን ይለካል፣ አተኳኮሱን ይፈትሻል፣ ካዝናው ስንት እንደሚጎርስ ያያል፣ በቀላሉ ወደ አውቶማቲክ ይለወጥ እንደሆነ ይመረምራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የየትኛው ጠመንጃ ዝርያ እንደሆነ ይወስናል። አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከዚህ ከመጨረሻው ነው።

ሰንጠረዡ ሕግ አይደለም። የፖሊስ የሙያ አስተያየት ነው፤ ፖሊስም ራሱ እንዲህ ብሎ ይገልጸዋል። ሆኖም ጉምሩኩም፣ አስመጪውም፣ ባለሱቁም የሚያየው እሱን ስለሆነ ሕግ ሳይሆን የሕግን ሥራ ይሠራል። አዲስ ሞዴል ያስመጣ ነጋዴ ሰንጠረዡ ላይ ቁጥር እስኪሰጠው ድረስ ገንዘቡ መጋዘን ውስጥ ይተኛል። አዳኙም የከፈለበትን ጠመንጃ ሳይረከብ የአደን ወራቱ ያልፋል። ቅሬታቸው ‹‹ለምን ከለከላችሁን›› ከሚለው ይልቅ ‹‹ይሁን ወይም አይሁን በሉንና እንረፍ›› ወደሚለው የሚያዘነብለው ለዚህ ነው።

ጉዳዩን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ስዊስ አርምስ የተባለው ጠመንጃ ታሪክ ነው። ይህ በስዊዘርላንድ የተሠራ፣ ዋጋው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ጠመንጃ ካናዳ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ በግልጽ ሲሸጥ ኖረ። ፖሊስ መጀመሪያ ያልተገደበ ብሎ መድቦት ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ግን መርምሬ ዝርያውን ሌላ ሆኖ አገኘሁት አለና ወደ ተከለከለው መደብ አዛወረው። ትናንት ሱቅ ሄዶ፣ ፈቃድ አሳይቶ፣ ደረሰኝ ይዞ የገዛ ሰው በአንድ ሌሊት የተከለከለ መሣሪያ ባለቤት ሆነ። የወቅቱ መንግሥት ወዲያው የምሕረት ጊዜ አወጀ። በ2015 የወጣ ሕግ የፖሊስን ምደባ የመሻር ሥልጣን ለካቢኔው ሰጠና ጠመንጃው ወደ ቀድሞ መደቡ ተመለሰ። በ2019 የመጣው ሌላ ሕግ ያንን ሥልጣን ከካቢኔው መልሶ ወሰደ። ጠመንጃው ላይ አንድም ብሎን አልተለወጠም፤ መደቡ ግን እንደ አየሩ ሁኔታ ሲለዋወጥ ቆየ።

ከዚያ 2020 መጣ። በኖቫ ስኮሺያ ግዛት አንድ ታጣቂ በኤፕሪል ወር 22 ሰዎችን ገደለ፤ መንግሥት በሜይ 1 አንድ ሺህ አምስት መቶ የሚያህሉ ሞዴሎችን በአንድ ትእዛዝ ከለከለ። ትእዛዙ የአፈሙዙ ስፋት 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውንም ሁሉ ይጨምር ነበር። ወዲያው የዳክዬ አዳኞች ደነገጡ፤ ጫፉ ሲፈታ የአንዳንዱ ተራ የወፍ ጠመንጃ አፍ ከዚያ ልክ ሊያልፍ ይችላል የሚል ክርክር ተነሣ። ሚኒስትሩ አይመለከታችሁም አሉ። ትእዛዙ ‹‹ከእነዚህ ዝርያ የሆነ ሁሉ›› የሚል ስለነበረ ሰንጠረዡ በኋላም እየጨመረ ሄደ። ባለቤቱ ጠመንጃው የተከለከለው መደብ ውስጥ መግባቱን የሚያውቀው ራሱ ገብቶ ከፈተሸ ነው። መንግሥት ያልተገደቡትን ጠመንጃዎች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለሰረዘ ማን ምን እንደያዘ አያውቅም፤ ለማያውቀው ሰው ደብዳቤ ሊጽፍ አይችልም።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ የጊዜ ገደቡ ነው። የተከለከለውን መሣሪያ የያዘ ሰው እስከ ኤፕሪል 2022 ድረስ አይከሰስም ተባለ። መንግሥት መልሶ የሚገዛበትን ሥርዓት በጊዜው ስላላዘጋጀ ቀኑ ወደ ኦክቶበር 2023 ተገፋ፤ ከዚያ ወደ ኦክቶበር 2025፤ ከዚያ ወደ ኦክቶበር 2026። ዜጋው ቀን ቢያሳልፍ ወንጀለኛ ነው፤ መንግሥት ቀን ቢያሳልፍ አዲስ ቀን ያወጣል።

እዚህ ያለው ነገር

በኢትዮጵያ ጉዳዩን በሀገር ደረጃ የሚገዛው ሕግ የተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ መሣሪያ ለመያዝ ዝቅተኛ ዕድሜ ይወስናል፣ አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለውን ብዛት ይገድባል፣ በክልል ያሉ የጸጥታ አካላት ብቁ ለሆነ ሰው ፈቃድ የሚሰጡበትን በር ይከፍታል። መልካም ሕግ ነው። አዋጅ ግን መስፈርት ይሰጣል እንጂ ጠረጴዛ ላይ የቀረበውን ጠመንጃ ገልብጦ አያይም። ያ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ወረፋውም የሚጀምረው ከባለሙያው በር ላይ ነው።

አንድ የጎማ ወረዳ ገበሬ እናስብ። ከአጋሮ ወጣ ብሎ የቡና መሬት አለው፣ ከጓሮው በቆሎ አለው። በቤቱ ሦስት መሣሪያ አለ እንበል። አንዱ ከአያቱ የቀረ ውጅግራ ነው። ሁለተኛው የአባቱ ምንሽር ነው። ሦስተኛው በ1983 ዓ.ም. ግርግር፣ የተበተነው ሠራዊት መሣሪያውን በየመንገዱ ሲሸጥ፣ የተገዛ ኤስ ኬ ኤስ ነው። በዚያ ዓመት አገር ምድሩን መሣሪያ እንደሞላው ያላየ ካለ ሽማግሌ ይጠይቅ።

እነዚህ ሦስቱ በመሣሪያነታቸው አንድ አይደሉም። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት፣ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና እጅ የሚፈልግ መሣሪያ ነው። ካናዳ ውስጥ ቢሆን ከ1898 በፊት የተሠራ ነጠላ ጎራሽ ስለሆነ እንደ ቅርስ ዕቃ ተቆጥሮ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ነበር። ምንሽሩ በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ ነው፤ ዝንጀሮ ከበቆሎ ለማባረር ከበቂም በላይ ነው። ኤስ ኬ ኤሱ ግን በጦር ሜዳ የተፈተነ የወታደር መሣሪያ ነው። አስተዋይ የሆነ ሥርዓት የመጀመሪያውን በአንድ ቀን፣ ሁለተኛውን በሳምንት ይጨርስና ጊዜውን ለሦስተኛው ያውላል። በተግባር የሚሆነው ግን ሦስቱም ‹‹የጦር መሣሪያ›› በሚል አንድ ስም አንድ ፋይል ውስጥ መግባታቸው ነው፤ ፋይሉም እንደ ከባዱ ጉዳይ ፍጥነት ይጓዛል።

የብዛት ገደቡ የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ አለ። ገበሬው ሁሉንም መያዝ አይችልም፤ ይምረጥ። ምኑን ተመርኩዞ ይምረጥ? ኤስ ኬ ኤሱን ይዞ ምንሽሩን ቢያስረክብና ነገ ኤስ ኬ ኤስ ሙሉ በሙሉ ተከለከለ ቢባል ባዶ እጁን ቀረ። ምንሽሩን ይዞ ኤስ ኬ ኤሱን ቢያስረክብ፣ ያላስረከበው ጎረቤቱ ደግሞ ያለ ጠያቂ ይዞ ቢቆይ፣ ሞኝ ተባለ። መደቡ ካልታወቀ ምርጫው ቁማር ነው። ገበሬ ደግሞ ቁማሩን ከዝናብ ጋር ይበቃዋል። ስለዚህ ጎረቤቱ የሚያደርገውን አይቶ ዝም ይላል።

ዝም ያላለው ምን ይገጥመዋል? በጥቅምትና በኅዳር ቀይ ቡና ሲለቀም፣ ገንዘብ ቤት ውስጥ በሚገኝበት ወቅት፣ ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ አስጽፎ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ይዞ፣ ምስክርና ዋስ ቆጥሮ ይሄዳል። ‹‹ኦቦ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሰኞ ይመለሱ›› ይባላል። ሰኞ ሲመለስ ጉዳዩ ወደ ዞን ተልኳል ይባላል። ዞን ማለት ጅማ ማለት ነው፤ የመኪና ይከፍላል፣ የለቀማ ቀን ያጣል፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እዚያ ደግሞ ከላይ መመሪያ እየተጠበቀ ነው ይባላል። ይህን ቅሬታ በጅማ የማይሰማ የለም፤ የምንሰማውም ከወንጀለኛ አይደለም። ወንጀለኛ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሞ አያውቅም።

ቅሬታው የገበሬ ብቻ አይደለም። የቡና መጋዘን ያለው ነጋዴ፣ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ማኅበር፣ ለጥበቃ ሠራተኛው መሣሪያ የሚያስፈልገው ድርጅት ሁሉ ያው ወረፋ ላይ ነው። ልዩነቱ ድርጅት ጉዳይ አስፈጻሚ ቀጥሮ ማመላለስ መቻሉ ነው።

ለምን ይዘገያል?

ብዙ ሰው መልሱ ጉቦ ነው ይላል። ጉቦ የለም ማለት አይቻልም፤ ማብራሪያው ግን በዚያ አያልቅም፤ ጉቦ በማይታማባት ካናዳም ወረፋው አለና። ዋናው ምክንያት የባለሙያው ወንበር አሠራር ይመስለኛል። አንድ ባለሙያ ‹‹ይህ መሣሪያ ይፈቀዳል›› ብሎ ፈርሞ መሣሪያው በኋላ ሰው ቢገድል፣ ፊርማው ይፈለጋል፤ ስሙ ይጠራል። ‹‹አይፈቀድም›› ብሎ ቢፈርምም ባለቤቱ ይግባኝ ይላል፣ ዘመድ ይልካል፣ ይጣላዋል። ሳይፈርም ቢያቆየው ግን ማንም አይጠይቀውም። ያልተወሰነ ፋይል ተጠያቂ የለውም። በሦስቱ መንገዶች መካከል የተቀመጠ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር የመንግሥት ሠራተኛ የትኛውን ቢመርጥ ይፈረድበታል? ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ብልህ ሆኖ ነው የሚያዘገየው። ሥርዓቱ ዝምታን እስከ ሸለመ ድረስ ሠራተኛ መቀየር፣ ሥልጠና መስጠት፣ ኮምፒውተር መግዛት ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው ምክንያት የመሣሪያዎቹ የራሳቸው ታሪክ ነው፤ ይህ በእውነት ከባድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቀበለው የመሣሪያ መከታተያ ሰነድ እያንዳንዱ ጠመንጃ የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት ሀገርና መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል ይላል። ወደ ጅማ ዙሪያ ገጠር የደረሰው መሣሪያ ግን ስንት እጅ አልፏል። ቁጥሩ የተፋቀ አለ፤ የአንዱ ሰደፍ ለሌላው የተገጠመለት አለ። ኤስ ኬ ኤስን ሶቭየት ሠርታዋለች፣ ቻይናም በራሷ ስም ሠርታዋለች፤ ክላሽንኮቭን ያልሠራ የምሥራቅ ሀገር ጥቂት ነው። ገበሬው ጠመንጃውን የሚጠራበት ስም ሌላ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸው ሌላ፣ ቅጹ ላይ የሚጻፈው ሌላ ይሆናል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በየወረዳው አይገኝም። በየወረዳው መገኘት የለበትም ይሆናል፤ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ፎቶግራፍ እያየ የሚመልስ ባለሙያ ግን ሊኖር ይገባ ነበር።

ሦስተኛው ጸጥታው ነው። አካባቢው ሲናወጥ ፈቃድ መስጠት ይቆማል፤ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ‹‹የማን ወገን ነው?›› በሚል ዓይን ይታያል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መሀል አገር ሲቃረብ የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪው መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ማዘዙ ይታወሳል። በዚያ ሰዓት ለማዘዝ ምክንያት ነበረው፤ አልከራከርም። ከዚያ የተረዳነው ግን መንግሥት ሲፈልግ ምዝገባን በሁለት ቀን ሊያስብ እንደሚችል ነው። ለዜጋው ሁለት ቀን የሰጠ አካል ለራሱ መልስ ስንት ቀን እንደሚሰጥ ተጽፎ አለማየታችን ነው ችግሩ።

መጠበቅ ምን ያስከፍላል?

አንደኛው ዋጋ መንገድ ላይ ይከፈላል። አስመዝግቦ መልስ የሚጠብቅ ሰው መሣሪያው ሕጋዊ ነው ወይስ ሕገ ወጥ? ማመልከቻ ማስገባቱን የሚያሳይ ወረቀት ቢኖረው እንኳ ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ ወረቀቱን የማክበር ግዴታ እንዳለበት ማን ነገረው? አንዱ ኬላ ያሳልፈዋል፣ ቀጣዩ ይወርሰዋል። መሣሪያውን ለምርመራ ያስረከበ ሰው ደግሞ በሌላ በኩል ይጨነቃል፤ መጋዘን ውስጥ የገባ ጠመንጃ በገባበት ሁኔታ ይወጣ ይሆን እያለ።

ውርስም አለ። አባት ሲሞት መሣሪያው በልጅ ስም ካልዞረ ልጅ በአባቱ ጠመንጃ ይከሰሳል። ስም ለማዞር መደቡ መታወቅ አለበት። ፋይሉ ካልተንቀሳቀሰ ሟቹ በመዝገብ ላይ ባለመሣሪያ ሆኖ ይኖራል።

ትልቁ ዋጋ ግን ጎረቤት የሚማረው ትምህርት ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። አስመዝጋቢው ሲመላለስ ያየ፣ ኬላ ላይ ሲጉላላ የሰማ ሰው የራሱን መሣሪያ በጨርቅ ጠቅልሎ ይቀብራል እንጂ ወረፋ አይይዝም። ቀጥሎ የሚመጣው የምዝገባ ጥሪ የሚያገኘው ሰው ከቀደመው ያነሰ ይሆናል፤ መንግሥት ስለ አካባቢው መሣሪያ ያለው ዕውቀት በየጥሪው እየሳሳ ይሄዳል። የተቀበረ መሣሪያ ደግሞ ዋጋው አይወርድም። ሥውሩ ገበያ መደብ አይጠይቅም፣ ማኅተም አይጠይቅም፣ ስብሰባ የለውም፤ ከጽሕፈት ቤቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር ፍጥነቱ ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ከጸጥታ ሰዎች አፍም ይሰማል። መዘግየቱ መጥፎ አይደለም፤ ሰው ሲሰለቸው መሣሪያውን ይተዋል፣ እኛም ሳንጋጭ ትጥቁ ይቀንሳል የሚል። ይህ አስተሳሰብ ሰው ሲሰለቸው ምን እንደሚያደርግ ያላየ ነው። ሰው የሚሰለቸው ከመሣሪያው አይደለም፤ ከጽሕፈት ቤቱ ነው። ሌላው ተቃውሞ የተሻለ ነው። የተሳሳተ ፈቃድ ነፍስ ያጠፋል፣ የዘገየ ፈቃድ ግን ቢበዛ ያንገላታል፤ ስለዚህ መዘግየት ይሻላል ይላል። እውነት አለው። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ዝምታ አይደለም። መሣሪያው አውቶማቲክ ከሆነ፣ ወይም ባለሙያው ከተጠራጠረ፣ ‹‹አይፈቀድም፤ ምክንያቱም ይህ ነው›› ብሎ በጊዜው መጻፍ ይቻላል። እንቢታ መልስ ነው። የተከለከለ ሰው የሚያስረክበውን ያውቃል፣ ካሳ ካለ ይጠይቃል፣ ከተከፋም ፍርድ ቤት ይሄዳል። ያልተመለሰለት ሰው የሚከስሰው ውሳኔ እንኳ የለውም።

ለዚህ መሠረት የሚሆን ሕግ አለን። በዚያው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋም ውሳኔውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ቅር የተሰኘ ሰውም በፍርድ ቤት እንዲያስመረምረው ይፈቅዳል። አዋጁ የፌዴራልና የአዲስ አበባ፣ የድሬዳዋ ተቋማትን የሚመለከት በመሆኑ የጅማው ገበሬ በር ያንኳኳበት የክልል ጽሕፈት ቤት በቀጥታ አይገዛበትም። ሁለት አዋጆች በአንድ ዓመት ወጥተው፣ አንዱ ‹‹አስመዝግብ›› ሲል ወረዳ ድረስ ወርዶ፣ ሌላው ‹‹መልስ ስጥ›› ሲል ከላይ ቀረ። ክልሉ ተመሳሳይ ግዴታ በመሣሪያ ምዝገባ ላይ ብቻ እንኳ ቢያውጅ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ሥራው ደግሞ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ነጠላ ተኳሽና በእጅ የሚቀባበሉትን ወረዳው በዕለቱ ይጨርስ፤ ለእነሱ ሌላ ባለሙያ አያስፈልግም። ግማሽ አውቶማቲክ የሆኑትን በፎቶግራፍና በመለያ ቁጥር ወደ አንድ ማዕከል ይላክ፤ ማዕከሉ የሚመልስበት ቀን ይቆረጥለት። ኤስ ኬ ኤስን ለመሰለ በሺዎች ቤት ለሚገኝ ጠመንጃ በየፋይሉ መወሰን ራሱ ከንቱ ድካም ነው፤ አንድ ጊዜ ለሁሉም ተወስኖ በቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ውሳኔው የናይሮቢውን ፕሮቶኮል ተከትሎ ክልከላ ከሆነም እሰየው፤ ግን ካሳው ወይም የማስረከቢያው ሁኔታ ከክልከላው ጋር አብሮ ይምጣ፤ ካናዳ ክልከላውን አስቀድማ መልሶ መግዣውን በማዘግየቷ ስንት ጊዜ ቀን እንደገፋች አይተናል።

እስከዚያው ግን አንድ ትንሽ ነገር ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል፤ በጀትም፣ አዲስ አዋጅም አይጠይቅም። መሣሪያውን ይዞ ለቀረበ ሰው የሚሰጠው ወረቀት ላይ ቀኑ፣ የመሣሪያው ዓይነትና መለያ ቁጥሩ፣ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን፣ የተቀበለው ሠራተኛ ስምና ፊርማ ይጻፍ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ባለቤቱ በማስመዝገብ ላይ እንዳለ ሰው እንዲቆጠር፣ መሣሪያውም በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳይወረስ ከታች አንድ መስመር ይታከልበት፤ ቅጂው ከጅማ በሚወጡት መንገዶች ላይ ላሉት ኬላዎች ሁሉ ይላክ።